ባትሪ የሌለው ሃያ ሰባት ቁጥር

መጀመሪያ አንድ ነገር እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ጭራቅ አለበት የሚባል የፈረሰ ቤት ነበር፣ ልጆቹ ሁሉ ዞረው ሲያልፉ እኔ በመሃሉ አቋርጬ ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው፣ ያውም መንገድ ለማሳጠር እንጂ ለጀግንነት አይደለም። ከምርጫ ዘጠና ሰባት ግርግር በኋላ ለንደን ስመጣም ጠባዬን ይዤ ነው የመጣሁት፣ ሐበሻ በተሰበሰበበት ሁሉ የሕልምና የመንፈስ ወሬ ሲጀመር ሻዬን ይዤ ወደ ሌላ ጠረጴዛ የምሄደው እኔ ነኝ። ስለዚህ «ይቺ ደግሞ ጀመራት» እንዳትሉኝ፣ ሌላ ሰው ቢነግረኝ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው።

ደግሞ ሌሊት አልነበረም። ጨለማና የውሻ ጩኸት ጠብቃችሁ ከሆነ ይቅርታ፣ ማክሰኞ ቀን ከምሳ በኋላ ነው፣ ቢሮ ውስጥ፣ መብራቱ በርቶ፣ ናታን የሚባለው የሥራ ባልደረባዬ አጠገቤ ቺፕስ እየበላ።

ሥራዬን ልንገራችሁ። ሊፍት ውስጥ እንዳላችሁ ሊፍቱ ቢቆምባችሁ የደወል ምልክት ያለበትን ቁልፍ ትጫናላችሁ አይደል? ያኔ «ሃሎ፣ ምን ልርዳዎት?» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ያ ድምፅ እኔ ነኝ። ቢሮአችን ካምደን ነው፣ ከአንድ የምንጣፍ ሱቅ በላይ። የለንደን ሊፍት ሁሉ የእኛ ደንበኛ አይደለም፣ የተወሰኑ ሕንፃዎች ናቸው፣ ከእነሱ ሌላ ግን አንድ የሩቅ ደንበኛ አለን፣ አልፕስ ተራራ ላይ፣ ዓመቱን ሙሉ የማይቀልጥ የበረዶ ግግር ላይ ያለ፣ ስኪ የሚሉት የበረዶ ሸርተቴ መጫወቻ። እዚያ ሰው ወደ ላይ የሚወጣው በኬብል ካር ነው፣ በብረት ገመድ ተንጠልጥለው የሚሄዱ፣ ዙሪያቸውን መስተዋት የሆኑ፣ ስምንት ስምንት ሰው የሚይዙ ካቢኖች ናቸው፣ እያንዳንዳቸው ቁጥርና የደወል ቁልፍ አላቸው። ለመጫወት የሚሄደው አብዛኛው እንግሊዝ ስለሆነ ደወሉ ለንደን ወደ እኛ ነው የሚመጣው። አደጋ ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ አንዱ ጓንቴ ወደቀ ይላል፣ አንዷ ልጄ ሽንቱ መጣ ትላለች፣ ሌላው ላይ ያለው ቡና ቤት ስንት ሰዓት ይዘጋል ብሎ ይጠይቀኛል። እኔ በረዶ ላይ ለመንሸራተት አንድ ቀን ቆሜ አላውቅም፣ የዚያን ተራራ ካቢኖች ግን ከነጠባያቸው አውቃቸዋለሁ፣ አሥራ አራት ቁጥር ድምፅ ያስተጋባል፣ ሠላሳ ቁጥር በሩ ሲጢጥ ይላል።

እናቴ ደግሞ ሥራዬን በራሷ መንገድ ነው የተረዳችው። እዚሁ ለንደን፣ ቶተንሃም፣ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ብቻዋን ትኖራለች፣ ሰባ አራት ዓመቷ ነው፣ ስኳር አለባት። «ልጄ ሊፍት ላይ ነው የምትሠራው» ብላ ለጎረቤቱ ሁሉ አውርታለች፣ እንግሊዞቹ የሕንፃውንም የተራራውንም ሊፍት ስለሚሉት ለእሷ ሁሉም አንድ ነው፣ የትም አገር ያለ ሊፍት ቢደወል የማነሳው እኔ እመስላታለሁ። «እማዬ፣ የእናንተን ሕንፃ ሊፍት የያዘው ሌላ ካምፓኒ ነው፣ እኛ ጋ አይደወልም» ብያታለሁ ስንት ጊዜ፣ «እሺ» ትለኛለች፣ ያ «እሺ» አልሰማሁሽም ማለት እንደሆነ የእኔን ዓይነት እናት ያላችሁ ታውቁታላችሁ።

የዚያን ቀን ጠዋት ደውላልኝ ነበር፣ ይህቺን ልብ በሉልኝ። ሁለቴ ደወለች፣ ሁለቴም ዘጋሁት። እሑድ ለምን አልመጣሽም ብላ ልትቆጣኝ እንደሆነ ገብቶኛል፣ ማታ እደውልላታለሁ ብዬ ስልኩን ገለበጥኩት። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ደወል እያነሳሁ የገዛ እናቴን ዘጋሁባት፣ ዛሬም ሳስበው ፊቴ ይግላል።

የመጀመሪያው ደወል የመጣው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ ነው። ስክሪኑ «የላይኛው መስመር፣ ካቢን 27» ይላል። አንስቼ የተለመደውን ብል መልስ የለም፣ ከፍታ ላይ የሚያፏጭ ነፋስ ብቻ፣ ከዚያ መስተዋት በጥፍር ሲመታ የሚሰማ ድምፅ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ፣ ሦስቴ። ተቋረጠ። ደንብ ስለሆነ ተራራው ላይ ላለው ተቆጣጣሪ ደወልኩ፣ ማርኩስ ይባላል፣ በስልክ ብቻ የማውቀው ቀልደኛ ሰውዬ ነው።

«ሃያ ሰባት?» አለኝ። «የላይኛው መስመር በነፋስ ምክንያት ከጠዋት ጀምሮ ዝግ ነው፣ ካቢኖቹ በሙሉ ጋራዥ ገብተዋል። ሃያ ሰባትማ ለጥገና ከገመዱ ከወረደ ሳምንቱ። የደወሉን ባትሪ እኔው አውጥቼ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬዋለሁ፣ ይኸው እያየሁት ነው።»

ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ፣ ኮምፒውተሩ ቁጥር ተሳስቶበት ነው ተባብለን ዘጋን።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ እንደገና ሃያ ሰባት። ይኸው ነፋስ፣ ያቺው ኳኳታ፣ አሁን ግን ሰው አለ፣ በብርድ የሚንቀጠቀጥ ሰው ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል። በእንግሊዝኛ አናገርኩ፣ ማርኩስ ያስተማረኝን ሁለት የጀርመንኛ ቃል ሞከርኩ፣ ምንም። ናታን እዚሁ ለንደን የተወለደ ልጅ ነው፣ ሁሉም ነገር በማጥፋትና በማብራት የሚድን ይመስለዋል።

«ሰብሊ፣ ሲስተሙ ነው፣ ጀስት ሪስታርት አድርጊው» አለኝ። አደረግኩት።

ኮምፒውተሩ ተነስቶ ገና ሳይረጋጋ ሃያ ሰባት ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ። «ሃሎ» ከማለቴ፣

«ሰብሌ? አንቺ ነሽ?»

እመኑኝ፣ የእናቴን ድምፅ አጥቼው አይደለም፣ የት ሆኜ እንደምሰማው ነው የጠፋብኝ።

«እማዬ? የት ነሽ?»

«ሊፍት ውስጥ ነኛ! ቆሞ ቀረ፣ መብራቱም ጠፋ።»

«የቱ ሊፍት?»

«ጤነኛ ነሽ? የኔው ሊፍት ነዋ! መርፌዬን ተወግቼ፣ ምሳ ከመብላቴ በፊት ደብዳቤ ልይ ብዬ ወርጄ፣ ስመለስ ይኸውልሽ። በርዶኛል ልጄ። ላቡም አጥምቆኛል።»

የስኳር ሕመምተኛ በቤታችሁ ካለ ይቺ ንግግር ምን ማለት እንደሆነች አልነግራችሁም። መርፌ ተወግቶ ምግብ ካልተከተለ ስኳሩ ይወርዳል፣ ሰውየው ያልበዋል፣ ምላሱ ይያያዛል፣ ከዚያ ይተኛል፣ ሰው ካልደረሰለት አይነሳም። የእናቴ ምላስ መያያዝ ጀምሯል። ስክሪኑ አሁንም የላይኛው መስመር፣ ካቢን 27 ይላል።

ድምፁን ለናታን ለቀቅሁለት። ቺፕሱ ከእጁ ወደቀ። «ዌት፣ ዌት፣ እማማ አልፕስ ሄደዋል እንዴ?»

«ቶተንሃም ናት! እሳት አደጋ ደውል፣ አምቡላንስም፣ ቶሎ በል!» ብዬ ጮህኩበት፣ አድራሻውን ወረቀት ላይ ጫርኩለት፣ እግዜር ይባርከው አንድ ጥያቄ ሳይጨምር ደወለ።

እኔ እናቴን አስወርቼ ማቆየት ነበረብኝ። እንዳትተኛብኝ የማይረባውን ሁሉ ጠየቅኋት፣ ትናንት ምን በላሽ፣ የታችኛዋ ጎረቤትሽ ልጅ አገባች ወይ። እሷ እየመለሰች በመሃል ዝም ትላለች፣ በዝምታው ውስጥ ያ ነፋስ ይገባል። «ይወዛወዛል ይሄ ነገር» አለችኝ አንዴ። በአራት ግንብ መሃል የሚሮጥ የብረት ሳጥን እንዴት ነው የሚወዛወዘው? ደግሞ በየመሃሉ «አይዞሽ» ትላለች፣ እኔን መስሎኝ «እኔ ደህና ነኝ እማዬ» እላታለሁ።

«እማዬ፣ ጠዋት ስልክሽን የዘጋሁት…» ብዬ ጀመርኩ፣ እንባዬ ቀደመኝ።

«እሱን ቤት እንነጋገርበታለን» አለችኝ፣ ያኔ ገና አቅም አላት ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ።

ስንት ደቂቃ እንደሆነ አላውቅም፣ ከዓመት ይረዝማል። መጨረሻ ላይ ምላሷ ጭራሽ ተሳስሮ ስሜን እንኳ አስተካክላ መጥራት ሲያቅታት ብረት ሲፈለቀቅ ሰማሁ፣ ከዚያ «ሃሎ፣ ማይ ላቭ» የሚል ወፍራም የወንድ ድምፅ፣ ከዚያ መስመሩ ጭጭ አለ። በናታን ስልክ ያለችው የእሳት አደጋ ጥሪ ተቀባይ አግኝተዋታል፣ አራተኛና አምስተኛ ፎቅ መሃል ነበረች፣ ጣፋጭ ነገር እየሰጧት ነው አለችን። ወንበሬ ላይ ሆኜ እንደ ሕፃን አለቀስኩ፣ ናታንም አብሮኝ አለቀሰ፣ ዛሬ ብትጠይቁት ይክዳል።

ቶተንሃም እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። በቪክቶሪያ ላይን የምድር ባቡር ቆሜ ነው የሄድኩት፣ መቀመጫ እያለ። ቤት ስገባ እናቴ ብርድ ልብስ ተከናንባ፣ ዳቦ በማርማላታ እየበላች፣ የአምቡላንሷን ልጅ አግብተሻል ወይ እያለች በምልክት ታፋጥጣታለች። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። እግሯ ሥር ቁጭ ብዬ ጉልበቷን አቅፌ ቀረሁ፣ ቁጣውንም እንደ ምርቃት ሰማሁት።

ሊፍቱን ሊጠግን የመጣው ሰውዬ ግን ስወጣ ታች አገኘኝ። ከሁለቱ ሊፍቶች እናቴ የነበረችበት ሁሌ የሚበላሽ ስለሆነ መቆሙን ያየ ሁሉ እንደ ልማዱ ነው ብሎ በሌላኛው ወጥቷል። «ማነው የነገራችሁ?» አለኝ። የደወሉን ክዳን ፈትቶ አሳየኝ፣ ከኋላው አንዲት ቀይ ሽቦ ወጥታ አየር ላይ ተንጠልጥላለች። «የስልክ መስመሩን ሲቀይሩ ይሄኛውን ረስተውታል፣ ከየትም ጋር አልተገናኘም» አለኝ።

ተመልሼ ወጥቼ ለእናቴ ነገርኳት። ምንም አልመሰላት።

«ምኑ ነው የሚገርመው? ሞባይሉ ሊፍት ውስጥ አይሠራም፣ ቢሠራም አንቺ አታነሺም። የሊፍቱን ግን ታነሻለሽ፣ ሥራሽ አይደለም እንዴ?» አለችና ብርድ ልብሷን ሰብስባ፣ «ደግሞ እኔ አይደለሁም የተጫንኩት፣ መነጽሬን ረስቼ በጨለማ ዳብሼ ዳብሼ አጣሁት። ሴትዮዋ ናት የተጫነችልኝ።»

«የቷ ሴትዮ?»

«አብራኝ የነበረችው ነቻ። መቼ እንደገባች አላየኋትም፣ አጠገቤ ናት ብቻ። ፈረንጅ መሰለችኝ፣ አማርኛ አትመልስም። ያ ሲንኮሻኮሽ የሚሰማው ወፍራም የብርድ ጃኬት አለ አይደል፣ እሱን ለብሳ ጥርሷ ይንገጫገጫል። እጇን ይዤ አይዞሽ አይዞሽ ስላት ነበር፣ እጇ ሲቀዘቅዝ! ለመሆኑ እሷን አወጧት?»

የእሳት አደጋ ሰዎቹ ያወጡት አንድ ሰው ነው፣ አንዲት አሮጊት። እናቴን አየኋት፣ አትቀልድም። «አወጧት» አልኳት፣ ሌላ ምን ልበላት?

በማግስቱ ማርኩስ ጋ ደወልኩ። ጋራዡን አይቷል፣ ተቆልፏል፣ ሃያ ሰባት ባዶ ነው፣ ባትሪው ጠረጴዛው ላይ ነው። «ከዚህ በፊት ሃያ ሰባት ውስጥ የሆነ ሰው አለ?» አልኩት፣ እንዴት ብዬ እንደጠየቅሁት ራሴንም ገረመኝ። ያ ለፍላፊ ሰውዬ «ለምን ጠየቅሽኝ?» ብቻ አለ፣ ከዚያ ሌላ ስልክ እየጠራኝ ነው ብሎ ዘጋው። እኔ ግን ከወዲያ በኩል የሚጠራ ስልክ አልሰማሁም።

አሁን እሑድ እሑድ ሳልቀር እናቴ ጋ እሄዳለሁ፣ በደወለች ቁጥርም አነሳለሁ፣ ስብሰባ ላይም ብሆን። እሷም በሄድኩ ቁጥር «አመሰገንሽልኝ?» ትለኝ ነበር፣ ሴትዮዋን ማለቷ ነው። ሰኞ ሰኞ የተራራውን ደወሎች ቼክ የምናደርግበት ቀን ነው፣ ከእኛ በኩል የእያንዳንዱን ካቢን መስመር ከፍተን፣ ድምፅ መኖሩን ሰምተን እንዘጋለን። ሃያ ሰባት ተጠግኖ ገመዱ ላይ በተመለሰ በመጀመሪያው ሰኞ ተራው ሲደርስ ናታን እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ በአማርኛ፣ «እናቴ እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብላሻለች» አልኩ። አበድሽ በሉኝ።

ነፋስ ብቻ። ልዘጋ እጄን ስሰድ፣ ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«አይዞሽ» አልኳት፣ ሌላ ቃል አልመጣልኝም። ኳኳታው ቆመ፣ መስመሩም ተዘጋ። የሙከራ መስመር ደግሞ የሚዘጋው ከእኛ በኩል ብቻ ነው፣ እኔ ቁልፉን አልነካሁም።

ለእናቴ ስነግራት «ጎሽ» አለች፣ ከዚያ ወዲህ ጠይቃኝ አታውቅም። እኔ ግን ሰኞ በመጣ ቁጥር ሃያ ስድስትን ከዘጋሁ በኋላ እጄ ትንሽ ይዘገያል።