ጓያ መሐል የተቀመጠው አማች

ሽፈራው የዱር ጓያውን ሲዘራ ፍቅር የሚባል ነገር በሐሳቡ አልነበረም። የመርሳ ቀበሌ ሊቀመንበር ለአብዮት በዓል ግቢው አበባ ይልበስ ብለው አዘዙ፤ ውኃ ግን የለም። ሲሪንቃ የዘር ማሳ ላይ የሚሠራው ሽፈራው ከጋራው ሥር ዘር ለቅሞ በተነ። ብዙ ዝናብ የማይሻው የዱር ጓያ ደረቁን ግቢ ሰማያዊ አደረገው።

ችግሩ፣ ግቢው ከእትዬ ወርቅነሽ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። እሳቸው ደግሞ ጓያ የረገጠ ሁሉ ይሽመደመዳል ብለው ያምናሉ። ይባስ ብሎ ልጃቸው የሻረግ በር ላይ ቆማ ስታይ ትውላለች፤ መጀመሪያ አበባውን፣ ኋላ ሽፈራውን።

አንድ ቀን ቀጥፎ ሰጣት።

«ጉልበቴ ከዳኝ» አለችው ቀስ ብላ። «ጓያው ይሆን?»

«የኔማ ገና ሳያብብ ከድቶኛል።»

ሽማግሌ ላከ። እትዬ ወርቅነሽ ልጄን ለጓያ ዘሪ አልሰጥም አሉ። ቢለመኑ ቢለመኑ በመጨረሻ አንድ ነገር ፈቀዱ፤ በገበያ ቀን፣ ገበያው እስኪፈታ ጓያው መሐል ይቀመጥ፣ በእግሩ ከተነሣ ይውሰዳት።

ሽፈራው ሳቀ። ጓያ የሚያሽመደምደው ሲበሉት፣ ያውም ሲያዘወትሩት መሆኑን ያውቃል። እግሩን አጣጥፎ ተቀመጠ። ገበያተኛው ፍየሉን ትቶ አጥሩን ከበበ።

ገበያው ሲፈታ ተነሥ ተባለ። ተነሣ፣ ተንገዳገደ፣ ወደቀ።

እግሬ ደንዝዞብኝ ነው ቢል ማን ይመነው? እትዬ ወርቅነሽ እንኳን «አላልኳችሁም?» ሲሉ ድምፃቸው ደስታ አልነበረውም። ለካ ልጁን ይወዱታል።

የሻረግ አጥሩን ዘላ ገብታ ከጎኑ ዘርፈጥ አለች።

«እሱ ሽባ ከሆነ እኔም ልሁን። ለምነን እንበላለን።»

እናቷ ነጠላቸውን ጥለው፣ አበባውን እየረገጡ ሮጠው ገቡና ክንዷን ጎተቱ። ቀና ሲሉ ገበያተኛው ሁሉ እግራቸውን ያያል። እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩት። ጓያው ጉልበታቸው ድረስ ነው። አንዱን እግር አነሡ፤ ቆይተው ሌላውን።

ይህን ጊዜ ሽፈራው ደሙ ተመልሶለት ቆሟል። ክንዱን ዘረጋላቸው።

«እትዬ፣ ልደግፍዎት?»

ክንዱን ጥብቅ አድርገው ያዙ።

«ከእንግዲህ እትዬ አትበለኝ» አሉት። «እማዬ በለኝ።»

በሠርጉ ቀን እስክስታውን ያስነኩት እሳቸው ነበሩ። ያንን እግር መርሳ መች ትረሳዋለች።