የአሰሳው ወሰን

ምሩናል ሺሪሽን የወደደችው በሥራ ላይ ነው። በሕንድ ፑኔ ከተማ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ይቀመጡ ነበር። በፋብሪካው ኔትወርክ ላይ ያለውን መሣሪያ ሁሉ በራሱ እየፈለገ የሚመዘግብ ፕሮግራም ለመትከል ሦስት ሳምንት አብረው ለፉ። ሺሪሽ ቫዳ ፓቭ የሚባለውን የድንች ጥብስ በዳቦ ሲገዛ ቃሪያውን ለእሷ ያስቀርላታል። እሷም እያየች እንዳላየች ትሆናለች።

ፕሮግራሙ ከየት እስከ የት እንደሚያስስ የወሰኑት አብረው ነው፤ ቢሮዎቹ፣ መጋዘኑ፣ የሽመና አዳራሹ። የሴት ሠራተኞች ማደሪያ እንዳይነካ ተስማሙ። ምሩናልም የምትኖረው እዚያ ነው።

ሰኞ ጠዋት የመጀመሪያውን ዝርዝር ከፈተች። የማደሪያ ጓደኛዋ የፓድማ ስልክ። የሱሎቻና ስልክ። ማን ማደሪያው ስንት ሰዓት እንደገባች፣ ስንት ሰዓት እንደወጣች። የራሷም አለ። ወሰኑን ማን እንደቀየረው ከፕሮግራሙ መዝገብ አየች። ሺሪሽ!

«አንተ ነህ?»

«ጎድቦሌ አዘዘኝ» አለ አንገቱን ደፍቶ።

«ያ በሄድንበት ሁሉ ዳሌያችንን በዓይኑ የሚከተል አለቃህ? መግቢያ መውጫችንን ምን ሊያደርግበት?»

«አልጠየቅኩትም።»

እጇን ሊይዝ ሲል ወንበሯን ገፍታ ተነሳች።

«እንዳትነካኝ! ተጠየፍኩህ።»

መታጠቢያ ቤት ገብታ ቁርሷን አስመለሰች።

ምሳ ሰዓት ላይ ሺሪሽ ሴቶቹ የሚበሉበት አዳራሽ ገብቶ ቆመ። የሠራውን ሁሉ ተናገረ። ያዘዘውንም ስም ጠራ።

«ቱ! እናት የለህም?» አለችው ላታ ታይ፣ የሁሉም ታላቅ እህት የምትባለው ሸማኔ። ምራቋ ጫማው ላይ አረፈ። አልጠረገውም።

ሴቶቹ ማሽኖቹን አቁመው የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅ በር ላይ ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ዝርዝሩ ተሰረዘ፤ ጎድቦሌ ተባረረ። ሺሪሽም አብሮ ተባረረ። ምሩናል ከመስኮት ሆና አየችው፤ አላዘነችለትም። ማታ ግን እህል አልወርድ አላት።

ከሰባት ወር በኋላ ምሩናል፣ ሺሪሽ ስልክ በሚጠግንባት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ቆመች። መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

«አሁንም ትጠየፊኛለሽ?»

«ያን ቀን ሳስበው፣ አዎ።»

«ታዲያ ምን አመጣሽ?»

ከላይ እስከ ታች አየችው። ከስቷል።

«ሰድቤህ አልጨረስኩም» አለችና በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።

እውነትም ገበያው እስኪዘጋ ሰደበችው። ሲመሽ ግን ማደሪያዋ ድረስ እንዲሸኛት ፈቀደችለት።