ኖር የማይል ጃኬት

አቶ ድልነሳ ከምሳ በፊት የሳተርንን ቀለበት ሦስት ጊዜ ዞሩ፤ ሻያቸውን በሁለት መዳፋቸው ይዘው ፉት አሉ፤ በአራተኛው ዙር መርከባቸውን ቀለበቱ ውስጥ ያለ የበረዶ ዋሻ ጣሪያ ላይ ከሰከሷት።

"አባዬ፣ አሁንም ወደ ላይ? ኧረ ምን ነካዎት?" አለች ልጃቸው ትብለጥ፣ ቤተ ሙከራው ውስጥ እየተንቆራጠጠች።

"እኔ ምን አውቄ! ያንቺ ጃኬት ነው የሚያብድብኝ።"

ጃኬቱ ገላ ሰሚ ይባላል፤ በጨርቁ የተሸመነው ክር የጡንቻን እንቅስቃሴ እየሰማ ለጠፈር መርከብ የኮምፒውተር ጨዋታው ያቀብላል። ትከሻ ሲያዘነብል መርከቧ ትታጠፋለች፤ ወገብ ብድግ ሲል ሽቅብ ትወጣለች። እውነቱን ለመናገር ያደክማል፤ ሰው ሲያስነጥሰው እንኳ መርከቧ ትደናበራለች። የድሮው ቁልፍ ይሻለናል የሚሉ ሞልተዋል። ቁልፍ ግን ጣት ይፈልጋል፤ የአቶ ድልነሳን ጣቶች ቁርጥማት አኮማትሯቸው ማንኪያ እንኳ አይጨብጡም። ጃኬቱን ከለበሱ ወዲህ ከጎረምሳ ጋር እየተሽቀዳደሙ እንደ ልጅ ይስቃሉ። በአሥር ቀን ውስጥ ጉድለቱ ካልተስተካከለ ቤተ ሙከራው ጃኬቱን ጥሎ ወደ ቁልፍ ይመለሳል። ያኔ ሳቃቸውም አበቃ።

ትብለጥ ኮዱን ብትበረብር ስሕተት አጣችበት። በመጨረሻ የክፍሉን ቪዲዮ ብታየው፣ ጉድ ነው! የቤተ ሙከራው መሥራች እማማ ይርገዱ ምርኩዛቸውን ይዘው ገብተው "እንደምን ዋላችሁ?" ባሉ ቁጥር፣ አቶ ድልነሳ ዓይናቸው በጨዋታው መነጽር እንደተሸፈነ "ኖር!" ብለው ከወንበራቸው ብድግ ይላሉ።

"አባዬ፣ ሲጫወቱ አይነሡ እንጂ!"

"ትልቅ ሰው ገብቶ እንደ ጉቶ ልጎለት? ደሞስ መች አስቤው፤ ገላዬ ነው የሚነሣው።"

መላ አላጣችም። ሰላምታ ሰምቶ ለአክብሮት ሊነሣ የከጀለውን ወገብ ቆንጠጥ የሚያደርግ ክር ጃኬቱ ላይ ጨመረች። ቁንጥጫው እንዳይበረታባቸው በራሷ ገላ ልለካው ብላም ሌላ ጃኬት ለበሰች። የእማማ ይርገዱን ሰላምታ ቀድታ በቀን መቶ ጊዜ እያሰማች፣ ስምንት ቀን ሙሉ አብረው ተቆነጠጡ።

በዘጠነኛው ቀን አቶ ድልነሳ አሥር ዙር ጣሪያ ሳይነኩ ጨረሱ። ጃኬቱ ጸደቀ። ትብለጥ ከደስታዋ ብዛት አለቀሰች።

በማግስቱ ባልደረቦቿ የምሳ ግብዣ አዘጋጁ። ጃኬቶቹ ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል። በሩ ተከፈተና እማማ ይርገዱ ገቡ።

"እንደምን ዋላችሁ?"

"ኖር! ኖር!" ቤቱ ግልብጥ ብሎ ተነሣ። አቶ ድልነሳ ግን ንቅንቅ አላሉም። እማማ ይርገዱ አይተዋቸው ፊታቸውን አዞሩ።

ትብለጥን ሀፍረት አንገበገባት። "አባዬ፣ ይነሡ እንጂ! ምን ይሉናል?" ብላ ጎሸም አደረገቻቸው።

አባቷ ግራ ገብቷቸው አዩዋት። "አንቺስ ልጄ?"

ቁልቁል ጉልበቷን አየች። እሷም ተቀምጣለች። ለካ ጃኬቱ ገላዋን ሲሰማ፣ ገላዋም ጃኬቱን ሲሰማ ከርሟል። ልትነሣ ሞከረች፤ ወገቧ ቁንጥጫውን ፈርቶ እምቢ አላት።