ያልተጠረገው ጥግ

«ርግብ በእግሯ የሄደች ዕለት፣ ወርዘላ በጉልበቷ ትሄዳለች።»

ይህን ትንቢት በወርዘላ ምድር የማያውቀው አልነበረም። እናቶች ሕፃን ያባብሉበት ነበር፤ ሰካራሞችም ያላግጡበት ነበር። ንጉሥ ዘርዓ ሞገድ የዘውድ በዓላቸውን ባከበሩበት ቀን ግን ከታላቁ የርግብ ማማ የተለቀቀችው ነጭ ርግብ ጥቂት ተንፈራግጣ መኳንንቱ መሀል ዱብ አለች። ላባዋ ተበልቶ ቆዳዋ ገጥጧል። ከወደቀችበት ተነሣችና እየተንገዳገደች፣ ምንጣፉን ተከትላ፣ በእግሯ እስከ ዙፋኑ ድረስ ሄደች። ያን ዕለት ማንም አላላገጠም።

የወርዘላ ርግብ ጽሑፍ እግሯ ላይ ታስሮ የምትላክ ርግብ አይደለችም። ሰው በክንፏ ላይ በሹክሹክታ የተናገረውን ቃል ላባዋ ይይዘዋል፤ የተላከችለት ሰው ትከሻ ላይ ስታርፍም ያንኑ ቃል በተናጋሪው ድምፅ ትናገራለች። የዳር ምሽጎች ለጦርነት የሚጠሩት በእነዚህ ርግቦች ብቻ ነበር። አሁን ግን የብሎች ሁሉ እናት፣ እመ ብል፣ ማማው ውስጥ ገብታለች። ግራጫ ልጆቿ ላባውን ከነቃሉ ይበሉታል። ማማው በር ላይ ጆሮውን የጣለ ሰው፣ የሞቱ ነገሥታት ትእዛዝ በሺህ ትንንሽ አፍ ሲንሾካሾክ ይሰማል። ርግቦቹን ወደ ሌላ ማማ ቢያዛውሯቸው ብሉም አብሯቸው ተዛወረ።

ሕዝቡ ደነገጠ፤ ሐመልማ ግን ተናደደች። የርግቦቹ አለቃ የሊቀ ርግባት ኅሩዳን ልጅ ናትና ብሉ የት እንደ ተፈለፈለ ጠንቅቃ ታውቃለች። ማማው ውስጥ አንድ ጥግ አለ። በቅድመ አያቶች ዘመን ደረቷን በቀስት ተወግታ የጠላትን መምጣት የተናገረች ብሥራቲት የተባለች ርግብ የሞተችበት ጎጆ እዚያ ነው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ለክብሯ ሲባል ጎጆው አልተነካም። በጎጆው ላይ ኩስ፣ በኩሱ ላይ የተንጠባጠበ ጥሬ፣ በጥሬው ላይ ነቀዝ፣ በነቀዙ ላይ ድር ተከምሯል። መኳንንቱም ይህ አልበቃቸው ብሎ በየዓመቱ አዲስ የሱፍ ካባ ያለብሱታል። ለብል እንዲህ ያለ ግብር ያበላ አገር ከወርዘላ በቀር የት አለ?

«አባቴ፣ ጥጉንስ?» ትላቸው ነበር ማማውን በጠረጉ ቁጥር።

«ጥጉ የብሥራቲት ነው።»

«ብሥራቲት ሞታለች! እነዚህ በሕይወት ያሉት እየተበሉ ነው!»

«አፍሽን ያዢ፣ ልጄ። ክብር በመጥረጊያ አይነካም።»

ነገሩ በዚህ ያበቃ ነበር። እነሆ አሁን ንጉሡ ከዙፋናቸው ተነሥተው ፈረዱ።

«ኅሩዳን ሆይ፣ ርግብ ስትወድቅ ጠባቂው ይወድቃል፤ የአባቶቻችን ሕግ ይህ ነው። የሶርማ ወንዝ ሲጎድል የቆላው መስፍን ጋሬድ ሠራዊቱን ያሻግርብናል። እስከዚያ ርግቦቼ ካልበረሩ ከማማው ጫፍ ትወረወራለህ!»

በየዓመቱ ካባውን ያለበሱት መኳንንት ፍርዱን ደግፈው አንገታቸውን ነቀነቁ። ሐመልማ ይህን ስታይ ደሟ ፈላ። ሰውን ሁሉ ገፍትራ ወደ ፊት ወጣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ ይስሙኝ! ጢሱ ብልን የሚፈጅ አምረር የሚባል ቅጠል በጽልም ተራራ ላይ ይበቅላል። እሱን አመጣለሁ። በእናቴ አጥንት፣ በሰማይ በሚበርረውም ሁሉ እምላለሁ፤ ቅጠሉን ሳልይዝ ብመለስ ከአባቴ አስቀድማችሁ እኔን ወርውሩኝ!»

ከዚያ ወደ አባቷ ዞረች። አልሳመቻቸውም።

«ሳይቃጠል በቅጠል ብዬዎት ነበር» አለቻቸውና ወጣች።

አብሯት የሄደው ጎርባ ነበር፤ አንድ እጁን በጦር ሜዳ የተወ፣ የአባቷ የልጅነት ጓደኛ የሆነ ሽማግሌ ወታደር። ስንቁን የተሸከመችው ቀንዶ የተባለች ባለ ቀንድ በቅሎ ናት፤ እሷም ቁጣዋ ከሐመልማ አይተናነስም። የሶርማን ሙላት የበቅሎዋን ቀንድ ይዘው ተሻገሩ። በጽልም ጫካ ውስጥ መንገደኛን በስሙ እየጠራ ገደል የሚከት ጭጋግ አለ። ጭጋጉ በእናቷ ድምፅ «ሐመልማ፣ ነይ» ሲላት፣ «እናቴ ስትጠራኝ ሁለቴ አትጠራኝም ነበር፤ ጥፋ ከዚህ!» ብላ ጮኸችበት። ጎርባ እየሳቀ፣ ጭጋግን የሰደበ ሰው አይቶ እንደማያውቅ ነገራት። እሷ ግን አልሳቀችም።

በተራራው አናት ላይ ዐለት መስሎ የተቀመጠው የቅጠሉ ጠባቂ ዓይኑን ገለጠ። ግንባሩ ላይ ሽበት በመሰለ ነጭ ሣር መካከል አምረር በቅሎበታል።

«ለምን መጣሽ?» አላት።

«ብል ርግቦቻችንን ፈጀ። ርግቦቹ ካልበረሩ አባቴ ይሞታል።»

«መጥረጊያ የላችሁም?» አለ ጠባቂው።

የሐመልማ የታመቀ ቁጣ ሁሉ በዚያች ጥያቄ ፈነዳ። «አለን! መጥረጊያ ሞልቶናል! የሌለን የሚጠርግ ሰው ነው! እኔ እንዳልጠርግ አባቴ ከለከለኝ፣ አባቴን ክብር ከለከለው፣ ክብሩን ደግሞ ብል በላው! በል ቅጠሉን ስጠኝ፤ ወይ እዚሁ ግደለኝ!»

ዐለቱ ሲስቅ ጠጠር ተንኮታኮተ። «ውሰጂ። ግን ስሚኝ። አምረር በምድጃ አይነድም። በሰው መዳፍ ላይ፣ በተዘጋ ቤት ውስጥ ይነድዳል፤ የያዘው ሰው ከለቀቀው ይጠፋል። ጢሱ ደግሞ ብልንና ሰውን አይለይም። ቅጠሉ ሲነድም ጎጆው ካልተጠረገ እመ ብል ዳግመኛ ትወልዳለች።»

ሐመልማ ቅጠሉን ቀንጥሳ በከረጢቷ ከተተች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንደ እሷ ላለች እንደሆነ ገባት። ሆኖም መሐላ መሐላ ነው፤ ጢሱ ውስጥ ማን እንደሚገባ ወስናለች።

ቁልቁል ሲወርዱ የጎርባን ክንድ ጨምድዳ ያዘች። «የሰማኸውን ለአባቴ እንዳትነግር ማልልኝ!»

«በቀረችኝ እጄ» አለ ጎርባ፣ ዓይኗን ሳያይ።

ሲመለሱ ሶርማ ጎድሏል፤ ከማዶ የጋሬድ ነጋሪት ይጎሰማል። ሐመልማ ማንንም ሳታናግር ወደ ማማው ወጣች። ከረጢቱንና የተለኮሰ ችቦ በሩ ላይ አስቀምጣ ርግቦቹን ላባቸውን ከብል እያራገፈች በቅርጫት በቅርጫት ታወርድ ጀመር። የመጨረሻውን ቅርጫት አድርሳ ስትመለስ ከረጢቱም ችቦውም የሉም። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል። ጎርባ በሩ አጠገብ ቆሞ መሬት መሬት ያያል።

«ምለህልኝ ነበር!»

«ምዬ ነበር። አንዷን እጄን ለንጉሡ ሰጥቻለሁ፤ ይቺ ደግሞ ስላንቺ ትቆረጥ። ልጁ ነሽና ነገርኩት።»

በሩን በጡጫ ደበደበችው። «አባቴ! ይክፈቱ!»

«አልከፍትም» አሉ ኅሩዳን ከውስጥ።

«የማልኩት እኔ ነኝ!»

«ያልጠረግሁት እኔ ነኝ።»

መራራው ጢስ በበሩ ስንጥቅ መውጣት ጀመረ። ወዲያው ማማው ውስጥ የክንፍ ዐውሎ ተነሣ። እመ ብል በበላችው ቃል ሁሉ፣ በሞቱት ነገሥታት ድምፅ ጮኸች፦ «ኅሩዳን! ንጉሥህ ነኝ! ጎጆውን አትንካ! የአባቶችህን ክብር አትንካ!» ዕድሜ ልካቸውን ለዚህ ድምፅ ሲሰግዱ የኖሩት ሽማግሌ ሳል እያጣደፋቸው መለሱ፦ «ዞር በይ! ልጠርግበት!»

ከዚያ የመጥረጊያ ድምፅ ተሰማ። ሐመልማ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ሰማችው። ቸኩሎ የሚጠርግ ሰው ድምፅ አልነበረም። ጣውላውን ፍቆ፣ ስንጥቁን ፈልቅቆ፣ እንደገና ተመልሶ የሚጠርግ ነበር። እሷ ደግሞ የምታውቀውን ስድብ ሁሉ ሰደበቻቸው፤ ለመነቻቸው፤ እንደገና ሰደበቻቸው።

ከራሷ በላይ ያለችው የርግቦች መውጫ ቀዳዳ ተከፈተች። አንድ የጠቆረ እጅ ወጣና ኩርፊት የተባለችውን፣ ኅሩዳን ሁልጊዜ በብብታቸው የሚይዟትን አንካሳ ርግብ ለቀቀ። ቀዳዳዋም ወዲያው ከውስጥ በነጠላ ተወተፈች። ኩርፊት ሐመልማ ትከሻ ላይ አረፈችና በአባቷ ድምፅ ተናገረች፦

«ጥጉንም ጠርጌዋለሁ።»

መጥረጊያው ዝም አለ።

ጢሱ ሲጠራ በሩን ሰበሩት። ወለሉ በሞተ ብል ተሞልቷል፤ እመ ብል ራሷ እንደ ተቀደደ ድንኳን ግድግዳው ሥር ተዘርግታለች። ኅሩዳን በዚያ ጥግ ተቀምጠው ነበር። ግራ መዳፋቸው ከስሏል። ቀኝ እጃቸው መጥረጊያውን እንደ ጨበጠ ነው። ከኋላቸው የብሥራቲት ጎጆ የለም፤ ባዶ ጣውላ ብቻ ይታያል።

«አሁን ነው?» ብላ ጮኸች ሐመልማ ተንበርክካ፣ ትከሻቸውን እየነቀነቀች። «ያን ሁሉ ዘመን ስለምንዎ፣ አሁን ነው?»

ገና ተጣልታ አልጨረሰችም ነበር፤ የምትጣላው ሰው ሄደባት።

ላባቸው ያልተነካ ርግቦች በዚያው ቀን የንጉሡን ቃል ይዘው በረሩ። የዳር ምሽጎች ሰሙ፤ ፈረሰኛው ከየአቅጣጫው ወረደ። ጋሬድ ወንዙን ሲሻገር ከፊትም ከኋላም ተያዘ፤ ሶርማም እሱንና ነጋሪቱን ይዞ ሄደ።

ለድሉ በአዳራሹ ግብር ተበላ። ንጉሥ ዘርዓ ሞገድ ተነሥተው፣ የኅሩዳን መጥረጊያ በወርቅ ሣጥን ሆኖ በዚያ ቅዱስ ጥግ እንዲቀመጥ፣ ካባም እንዲለብስ፣ እስከ ዘለዓለምም ማንም እንዳይነካው አዋጅ አስነገሩ። መኳንንቱ አጨበጨቡ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው። ካባው ተሰፍቶ ደርሷል፤ ያውም ሱፍ!

ሐመልማ ከመቀመጫዋ ተነሣች። በአዳራሹ መሀል አልፋ፣ ሣጥኑን ከፍታ መጥረጊያውን አወጣች። የሚያስቆማት አልተገኘም፤ ጎርባም ባለችው እጁ ጎራዴውን ይዞ ከኋላዋ ቆሞ ነበር።

«ንጉሥ ሆይ» አለች መጥረጊያውን ከፍ አድርጋ። «አባቴን የገደለው ያልተነካ ነገር ነው። ሌላ ያልተነካ ነገር አልሰጥዎትም። ይህ መጥረጊያ ነው። ይጠርጋል፤ ያልቃል፤ ሲያልቅም ሌላ እናስራለን። ካባውን ለበረደው ሰው ይስጡት።»

መልሱን ሳትጠብቅ ወደ ማማው ወጣች። ርግቦቹ ቆጣቸው ላይ ሰፍረው ነበር። በአባቷ ጥግ አንድ ጥንድ ርግብ አዲስ ጎጆ ጀምሮ፣ ጭራሮና ጥሬ ወለሉ ላይ ተበታትኗል። ኩርፊት ከላይ አይታ በዚያ ድምፅ፣ «ጥጉንም ጠርጌዋለሁ» አለች።

«ሰምቻለሁ!» አለች ሐመልማ በቁጣ፣ እንባዋ አገጯ ላይ እየተንጠባጠበ። «ያኔ ነው የጠረጉት። ዛሬም ቆሽሿል።»

ጎንበስ አለችና ከጥጉ ጀመረች።