የሐሙስ ኮት

ወላሂ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

ያላመነ አየር ጤና፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ይምጣና ሱቁን ይየው። በጨለማ የሆነ እንዳይመስላችሁ ደግሞ... ማክሰኞ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ገና አናት ትበሳለች።

እኔ ፋሪዳ ነኝ፣ ክርና አዝራር እሸጣለሁ። ከጎኔ ያለው ሱቅ የልብስ ሰፊው የጋሽ ጉተማ ነበር። ጨርቅ ሊቆርጡ ሲሉ መቀሱን በባዶው ሁለቴ ቀጭ፣ ቀጭ የማድረግ ልማድ ነበራቸው፤ በግድግዳው በኩል እሰማቸው ነበር። ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው።

ልጃቸው ሌሊሴ ሠዓሊ ናት፤ በቀለም ግን አትሥልም። አባቷ የተዉትን ቁርጥራጭ ጨርቅ በጥፍር ልክ እየቆረጠች፣ እያጣበቀች የሰው ፊት ታወጣለች።

ለሙት ዓመታቸው የእሳቸውን ፊት ጀመረች።

"የአባዬ ደህና ፎቶ እንኳን የለኝም። መልኩ እየጠፋብኝ ነው ፋሪዳ" ብላ አልቅሳብኛለች።

ሁሉም አለቀ... ጉንጫቸው ብቻ ቀረ። የእሳቸው የቆዳ ቀለም ከስንት ማዳበሪያ ሙሉ ቁርጥራጭ ውስጥ ጠፋ።

ግድግዳው ላይ አንድ ቡናማ ኮት አለ። ከሌሊሴ ልጅነት ጀምሮ እዚያው ሚስማር ላይ ነው። ደረቱ ላይ "ሐሙስ" የሚል ወረቀት በስፒል ተይዟል። ባለቤቱ ሐሙስ እወስደዋለሁ እንዳለ በዚያው ቀረ።

ጋሽ ጉተማ ማንንም አያስነኩም ነበር። "የሰው አደራ ነው። አንድ ነገር ከጎደለው ከቤቴ እሞላለሁ" ይሉ ነበር።

ሰኞ ዕለት ሌሊሴ መቀሱን አነሳች።

"ተይ... አደራ ነው" አልኳት።

"ሰውየው ይሄኔ ሞቷል። ከጀርባው መዳፍ የምታህል ብቻ ነው የምወስደው።"

ቆረጠች። መቀሱን አልቀማኋትም፤ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በማግስቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን ስትከፍት፣ እሷ እንደነገረችኝ፣ ኮቱ ሚስማሩ ላይ የለም።

መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል... ጀርባው ወደ ላይ። የቀዳዳው ዙሪያ በነጭ ክር ተወስውሷል።

የማን እጅ እንደሆነ ወዲያው አወቀችው። የአባቷን ስፌት ከሺህ ትለየዋለች።

የአባቷ የልብስ መለኪያ ሜትር ወንበሩ ላይ ነው። አነሳችው... ይሞቃል። አሁን ከሰው አንገት ላይ የወረደ ይመስላል።

ቀና ብላ ሥዕሉን አየች።

ፊት ለፊት እንዲያዩ አድርጋ የሠራቻቸው አባቷ... አንገታቸውን ደፍተዋል።

"አባዬ..."

የጋራዡ መዶሻ ቀጥ አለ። መንገዱም ዝም አለ።

በሩ ተንኳኳ።

"ደረሰ?" አለ የወንድ ድምፅ፣ ቀስ ብሎ።

"ምኑ?"

"ኮቱ።"

በሩ ገርበብ ብሏል። ደጁ ቁልጭ ብሎ ይታያል... ማንም የለም።

ልትጮህ አፏን ስትከፍት፣ ከኋላዋ፣ ከጠረጴዛው በኩል መልስ ተሰጠ።

"ሐሙስ።"

እኔ ጋ እንዴት እንደደረሰች አታውቅም። አንድ እግሯ ጫማ የለውም።

"ጀርባዬን እዪልኝ... የሆነ ቀዝቃዛ ነገር ሄደብኝ" አለችኝ።

ሸሚዟን ገለጥኩት።

ቆዳዋ ላይ በልብስ ሰፊ ጠመኔ የመቁረጫ ምልክት ዙሪያውን ተሰምሯል። መዳፍ የምታህል ናት። ከኮቱ ከቆረጠቻት ጋር ልኳ አንድ ነው።

በሳሙና አጠብኩት። በጋዝ አሸሁት። አልለቀቀም።

ሱቁን ቆልፈን ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እኔ ቤት ይዣት መጣሁ። ሌሊሴ ፈርታለች፤ እኔም ከእሷ ብሼ ፈርቻለሁ። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በጀርባዋ መተኛትም እምቢ ብላለች።

ዛሬ ሐሙስ ነው፣ ጠዋት። የሱቁ ቁልፍ እጄ ላይ ነው። ቤቴ የመንደሩ መጨረሻ ነው፤ ከዚህ ግድግዳ ወዲያ ባዶ ሜዳ እንጂ ሱቅ የለም።

አሁን፣ ይህን ስጽፍላችሁ፣ ሌሊሴ ቀስ ብላ እጄን ያዘችኝ።

"ሰማሽ?" አለችኝ።

ከግድግዳው ወዲያ...

ቀጭ።

ቀጭ።