የፕሮፌሰሩ ግማሽ ክኒን

ፕሮፌሰሩ የሞቱት የጥናት ክፍላቸው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ነው። ሚስታቸው የጠዋቱን ሾርባ ይዛ ስትገባ እንቅልፍ የጣላቸው መስሏት እጃቸውን ነካ አደረገች። ቀዝቅዟል። ሾርባው ምንጣፉ ላይ ሲደፋ የጮኸችው እሷ ሳትሆን ከኋላዋ የመጣችው ልጇ ነበረች።

ከቀብሩ በኋላ የሐኪሙ የምርመራ ውጤት ቤቱን አናወጠው። በሟቹ ደም ውስጥ የተገኘው የልብ መድኃኒት ከሚገባው እጅግ በላይ ነው። ሚስቲቱ ይህን ስትሰማ የገደልኳቸው እኔ ነኝ አለች በልቧ። ያንን መድኃኒት በድብቅ ሾርባቸው ውስጥ ስትጨምር የከረመችው እሷ ናትና።

ፕሮፌሰሩ ዕድሜ ልካቸውን ኢኮኖሚክስ ያስተማሩ፣ መንግሥትንም ያማከሩ ሰው ነበሩ። አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ሌላው ሰው እንዲኖርበት የሚመክሩትን ነገር አስቀድመው በራሳቸው ላይ ይሞክሩታል። የአውቶቡስ ድጎማ ይነሳ ባሉ ጊዜ አንድ ክረምት ሙሉ በእግራቸው እየሄዱ አስተምረዋል። ዘንድሮ ደግሞ ለጡረተኞች በነፃ የሚታደለው መድኃኒት በግማሽ ይቀነስ፣ ሐኪሞች አብዝተው ያዛሉ የሚል ምክር ለሚኒስቴሩ ኮሚቴ አቀረቡ። ከዚያም የቁርስ ጠረጴዛ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ክኒናቸውን በምላጭ ለሁለት ከፍለው ግማሹን መዋጥ፣ ግማሹን ጠርሙሱን ለምትይዘው ሚስታቸው መመለስ ጀመሩ። «ይኸው አለሁ፣ ምን ሆንኩ?» ብለው በሬዲዮ ጭምር ተናገሩ።

ሚስት ምን ታድርግ? ደረጃ ሲወጡ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ እየሰማች እንቅልፍ አልወስዳት አለ። ብትለምናቸው «ጥናቴን አታበላሺብኝ» እያሉ ቀለዱባት። ስለዚህ የመለሱላትን ግማሽ በማንኪያ ጀርባ አድቅቃ ሾርባቸው ውስጥ ጨመረች። ግማሽና ግማሽ አንድ ነው ብላ። አሁን ግን አብዝቼባቸው ይሆን እያለች ራሷን ትከሳለች።

የከፋው ደግሞ ሌላ ሰው መታሰሩ ነው። የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን የዚያው ኮሚቴ ጸሐፊ የሆነው ልጅ፣ በዚህ ቤት ማዕድ ያደገ ነው። ያንኑ መድኃኒት ሲገዛ የመድኃኒት ቤቱ ሰው አይቶታል። ለማን እንደገዛ ሲጠየቅ አልናገርም አለ፤ አለቀ።

ነገሩን የያዘው ኢንስፔክተር ቀስ ብሎ የሚናገር፣ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ደጋግሞ የሚጠርግ ሰው ነበር። ፕሮፌሰሩ ከሞቱበት ቀን ጀምሮ ተቆልፎ የቆየውን የጥናት ክፍል አስከፍቶ ከፈተሸ በኋላ ሚስቲቱን አጠገቡ አስቀመጣት።

«ምግብ የሚያቀርብላቸው ማን ነበር፣ እትዬ?»

«ጠዋት እኔ። ማታ ወተታቸውን ልጄ።»

«በመጨረሻው ሰሞን ምን ይሉ ነበር?»

«ምግብ አስጠላቸው። ግድግዳው ቢጫ ሆነብኝም ይሉ ነበር። እኔ ቀለም እንቀይር የሚሉኝ መስሎኝ...»

ደረጃ መውጣት ያስቸግራቸው እንደሆነም ጠየቃት። መጀመሪያ እየተቀመጡ ይወጡ እንደነበር፣ ኋላ ግን እንደ ጎረምሳ መሮጥ እንደጀመሩ ነገረችው። ያኔ ሾርባዬ ሠራ ብላ በልቧ መደሰቷን ግን አልነገረችውም። ኢንስፔክተሩ ጠረጴዛው ላይ የቀረውን የወተት ኩባያ አንስቶ ሥሩን ተመለከተና ስኳር ይወዱ እንደሆነ ጠየቃት። ለሻያቸው እንኳ እንደማይነኩ መለሰችለት።

በማግስቱ ኢንስፔክተሩ ተማሪውን ይዞ መጣ። እናት፣ ልጅና ተማሪ ሳሎን ተቀመጡ። ተማሪው ፂሙ አድጓል፤ ሚስቲቱ ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

«መርዝ አይደለም» ብሎ ጀመረ ኢንስፔክተሩ። «ሐኪሙ እንዳለኝ፣ ሰው ሁሉ ነገር ቢጫ የሚሆንበት ይህ መድኃኒት ቀስ በቀስ ሲጠራቀምበት ነው። ስለዚህ በየቀኑ የሚሰጣቸው ሰው ነበር። ይህ ልጅ የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው።»

«እኔ ነኝ» አለች ሚስቲቱ። «እሱን ልቀቁት። በሾርባ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ፣ እትዬ። በየቀኑ ግማሽ ክኒን ሲመለስበት የከረመው ጠርሙስ ውስጥ አንድም ግማሽ የለም። ግን የእርስዎ ግማሽ እሳቸው ከዋጡት ጋር ተደምሮ ልክ መጠኑ ነው። አይገድልም።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አባትሽ ስኳር አይነኩም። ኩባያቸው ሥር ግን ስኳር ደርቋል። ወተቱ ውስጥ በስኳር የምትሸፍኚው የክኒን ምሬት ነበር።»

ልጅቷ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት። አንገቷን ደፋች። «እማዬ ዝም ስትል ጊዜ የጨከነች መሰለኝ» አለች። «እኔም ከክሊኒኩ አምጥቼ ግማሽ ብቻ ነው ያደረግኩት። ግማሽ ብቻ።»

እናትና ልጅ ተያዩ። በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱን ነገር፣ ተደባብቀው ሠርተውታል።

«ይህም ቢሆን ለመግደል አልበቃም» አለ ኢንስፔክተሩ፣ ከጥናት ክፍሉ ያገኘውን የፕሮፌሰሩን የመነጽር ማኅደር ከኪሱ አውጥቶ ሲከፍተው። ውስጡ ክኒን ነበር። «ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ይውጣሉ፤ ክፍላቸው ገብተው ሌላውን ግማሽ ይጨምራሉ። ሙሉ መጠናቸውን ራሳቸው ወስደው ሲያበቁ፣ ሁለታችሁ ሌላ ሙሉ አከላችሁባቸው። ጠርሙሱ በሚስታቸው እጅ ስለሆነ የሚገዛላቸው ሰው ያስፈልጋቸው ነበር።»

ተማሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ጋሼን ደረጃው ላይ ወድቀው አገኘኋቸው። በሬዲዮ ተናግሬ አሁን ምን ፊት አለኝ አሉኝ። ክኒኑን ገዝቼላቸው ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ።»

ኢንስፔክተሩ ወንጀለኛ የሚለው ሰው እንደሌለ ተናገረ። በስህተት የደረሰ ሞት ብሎ መዝገቡን ይዘጋል፤ እነሱ ካላወሩት የፕሮፌሰሩ ስም እንደተከበረ ይቀራል። ተማሪውን ፈትቶ፣ ሲወጣም ጫማውን ጠርጎ ሄደ።

ሚስቲቱ ወደ ተማሪው ዞራ ኮሚቴው ምን ላይ እንደደረሰ ጠየቀች።

«ምክሩን ሰኞ ያጸድቀዋል» አለ ተማሪው መሬት መሬት እያየ። «ማስረጃው... ጋሼ በግማሹ ጤነኛ ሆነው መሰንበታቸው ነው፤ የገደላቸው ብዛቱ እንጂ ማነሱ አይደለም ይላሉ።»

ልጇ በምትሠራበት ክሊኒክ በር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሽማግሌዎች ዓይኗ ላይ ድቅን አሉባት። ከእነሱ ስንቱ ብቻውን ነው የሚኖረው? ግማሹን አድቅቃ የምትሰጠው ማን አለችው?

«ሰኞ ኮሚቴው ዘንድ ትወስደኛለህ» አለችው።

«እትዬ፣ ጋሼ ዋሹ ይባላል እኮ።»

«ይባል። ግማሹ አልበቃቸውም። ይህን እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገራል?»

ልጇ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ተማሪውም ከወንበሩ አልተነሳም። ሦስቱም ይቅርታ መጠየቅ ፈልገው ነበር፤ ግን ማን ማንን አስቀድሞ መጠየቅ እንዳለበት አላወቁም።