የልጅ ቀለም

በላይኛው ሰመራ የልጁን ቀለም እግሩ ላይ ዘርቶ የሚሄድ ሰው ብርቅ አልነበረም። ከተማዋ የምትኖረው በመስታወት እርሻዋ ነው። ከፀሐይ ኃይል የሚሰበስቡትን መስታወቶች ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብሳቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው ያጠቡ ሰዎች፣ ስልሳን ሲሻገሩ ቅልጥማቸው ላይ የሩዝ ፍሬ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይወጡባቸዋል። አያምም፣ አይገድልም። ግን ማን ይወደዋል? ስለዚህ ወደ ትርሲት ክፍል ይመጣሉ።

ትርሲት የምትሠራበት መሣሪያ ቀለም ዘሪ ይባላል፤ ማበጠሪያ የሚመስል፣ የቆዳ ቀለም የሚሠሩ ሕያው ሕዋሳትን አንድ በአንድ ከቆዳ ሥር የሚተክል። የአረጀ ሰው ሕዋስ ስለማይበቅል ከገዛ ልጁ ይወሰዳል። ልጆች ሩቅ አገር ከመሄዳቸው በፊት ጥቂት ሕዋስ በከተማው የሕዋስ ጎተራ ያስቀምጣሉ።

የእማማ በለጡ ልጅ ናሁሠናይም ከዘጠኝ ዓመት በፊት በጁፒተር ጨረቃ ላይ ውሃ ሊቆፍር ሲሄድ አስቀምጦ ነበር። ሊመለስ ሁለት ወር ሲቀረው እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ወጡ።

«በይ እስቲ ልጄ፣ ይሄን ዝንጉርጉር አስተካክይልኝ» አሉ ቀሚሳቸውን ሰብስበው። «መጥቶ ሲያየኝ እናቴ ነብር ሆነች እንዳይል።»

ትርሲት ሳቀችና መሣሪያውን ቅልጥማቸው ላይ አሳረፈችው። አልሠራም። ደግማ ሞከረች፣ እምቢ አለ። የተበላሸ መስሏት ስክሪኑን ወደ ራሷ አዙራ አነበበች። «የሕዋሱ ባለቤት ከአራት ቀን በፊት ሞቷል። ወላጅ ሞቱን ዐውቆ ካልፈረመ በሃያ አንደኛው ቀን ይወገዳል።»

«ምነው ልጄ? ፊትሽ ተለዋወጠ» አሉ እማማ በለጡ።

«ምንም አይደል፣ እማማ። ሕዋሱ ገና አልደረሰም። የሳምንት ይምጡ።»

የዚያኑ ቀን ወደ ናሁሠናይ አጎት ወደ አቶ ይርዳው ሄደች። አቶ ይርዳው ቀድሞ ሰምቷል፤ ጉድጓዱ ተደርምሶ እንደሆነም ያውቃል።

«እህቱ ከእኛዋ ጨረቃ እየመጣች ነው» አላት። «እሷ ሳትደርስ፣ ሰው ሳይሰበሰብ እንዴት ይነገራል? የእናቱ ልብ ደካማ ነው። ብቻቸውን ቢሰሙ ደርቀው ይቀራሉ።»

«ጋሼ፣ ቀኑ እንዳያልፍ። አስከሬኑ እንኳ አይመጣም። ከእሱ የቀረው ያ ሕዋስ ብቻ ነው።»

«በሃያኛው ቀን ትደርሳለች። እና መርዶ በሕክምና ወንበር ላይ ይነገር ነው የምትይኝ? ተይ እንጂ፣ ወግ አለን።»

ትርሲትም የዚያው ወግ ልጅ ናት። የአባቷን ሞት የሰማችው በማለዳ፣ በሰው ተከብባ ነበር። ያ ሁሉ እጅ ባይደግፋት ኖሮ መሬት ላይ ትቀር ነበር። እማማ በለጡን ያን ድጋፍ ልትነሳቸው አልደፈረችም።

እማማ በለጡ በሳምንቱ መጡ፤ በቀጣዩም መጡ። አሁን አይቀልዱም።

«ዛሬስ?»

«ዛሬም አልሆነም፣ እማማ።»

እጇን ጭምቅ አድርገው ያዙ። «ሁሉንም ማለቴ አይደለም። አንዲት ነጠብጣብ ብቻ ሸፍኝልኝ፤ ትበቃኛለች።»

«የሳምንት» አለች። ሲወጡ ከኋላ እያየቻቸው ራሷን ጠላች።

የፀሐይ ማዕበል ተነሥቶ የጨረቃው መንኮራኩር ሦስት ቀን ዘገየ። ሃያ አንደኛው ቀን ሲሞላ ጎተራው ማንንም ሳይጠይቅ የናሁሠናይን ሕዋስ ብልቃጥ ባዶ አደረገ።

በሃያ አራተኛው ቀን ማለዳ፣ እህቱ በደረሰች ማግስት፣ ዘመድ አዝማድ የእማማ በለጡን ቤት ሞላው። አቶ ይርዳው ድምፁ እየተቆራረጠ መርዶውን ነገራቸው። ሊደግፏቸው ስንት እጆች ተዘረጉ። እማማ በለጡ ግን አልጮኹም።

«ዐውቄዋለሁ» አሉ። «ያ ሁሉ ጠበኛ ጎረቤት ድንገት ደግ ሲሆንብኝ ጊዜ ዐወቅሁት። እናንተ እስክትሰበሰቡ ብዬ ነው የቻልኩት። አሳዘናችሁኝ።»

ከዚያ በሰዉ መሃል ትርሲትን ፈለጓት።

«በይ ነይ፣ ልጄ። መደባበቁ ቀረ። አሁን ስጪኝ። በእኔ ደም ትንሽ ይኑርልኝ።»

ትርሲት ፊታቸው ተንበረከከች። ከሁሉም ቀድሞ እውነቱን የተናገረው ልብ የሌለው መሣሪያ ነበር። ልብ ያላቸው ሲሳሱ፣ ሲጠነቀቁ፣ እርስ በርስ ሲተዛዘኑ ቀኑ አለፈ። ይህኛውን፣ የሕዋሱን መርዶ የሚነግርላት ሽማግሌ አልነበረም፤ ራሷ ነገረቻቸው።

እማማ በለጡ ያኔ ጮኹ።